ሰር ሮላንድ ሂልና የሎንዶን ነጋዴዎች

ደብዳቤ ጽፎ ቴምብር ለጥፎ ወደ ፖስታ ሣጥን የሚጥል ሰው ዋጋውን ላኪው አስቀድሞ መክፈሉን፤ አገሩም ቢርቅ ቢቀርብ ዋጋው አንድ መሆኑን፤ ከጥንት እንደ ነበረ ልማድ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ይህን ሥርዓት አንድ የትምህርት ቤት መምህር አሰበው፤ የሎንዶን ነጋዴዎች ተሟገቱለት፤ የፖስታ ቤቱ ሹማምንት ደግሞ አጥብቀው ተቃወሙት። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትም ሆኑ ካህናት አንባቢዎቻችን የዚህን ሰው ታሪክ ቢያውቁት መልካም መስሎ ስለ ታየን ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሮላንድ ሂል በ1795 ዓ.ም. ዲሴምበር 3 ቀን በእንግሊዝ አገር ኪደርሚንስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ራይት ሂል ትምህርት ቤት ከፍቶ የሚያስተምር፤ ዕውቀት እንጂ ሀብት ያልነበረው ሰው ነው። እናቱም ደብዳቤ አመላላሹ በር ሲመታ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤት ስለማይገኝ ትደነግጥ ነበር፤ አንድ ጊዜም ለደብዳቤ የሚከፈለውን ለማግኘት ልጅዋን ጨርቅ አስይዛ ወደ ገበያ ልካዋለች። ሂል ካደገ በኋላ ከወንድሞቹ ጋራ በበርሚንግሃም አጠገብ ሄዝልውድ የተባለውን ትምህርት ቤት በ1819 ዓ.ም. ከፈተ። በዚያም ተማሪዎች ራሳቸው በመረጡት ሸንጎ ይዳኙ ነበር እንጂ በአርጩሜ አይገረፉም ነበር። ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ እንግዳ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበረ። ዋጋውም በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይተመናል። ከሎንዶን እስከ ኤዲምቡርግ ለሚሄድ አንድ ነጠላ ወረቀት ከ13 ፔኒ በላይ ይጠየቅ ነበር፤ እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፤ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውስ። የምክር ቤት አባሎችና ታላላቅ ሹማምንት ግን ስማቸውን በደብዳቤው ላይ በመጻፍ ብቻ ያለ ዋጋ ይልኩ ነበር። እንግዲህ መክፈል የሚችለው ሳይከፍል፤ መክፈል የማይችለው ይከፍል ነበር ማለት ነው። ኮልሪጅ የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በመንገድ ሲያልፍ አንዲት ሴት ከወንድምዋ የመጣላትን ደብዳቤ ገንዘብ የለኝም ብላ ስትመልስ አይቶ አዘነላትና አንድ ሺሊንግ ከፈለላት። አመላላሹ ከሄደ በኋላ ግን ደብዳቤው ተከፍቶ ቢታይ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ለካስ ወንድምዋ ደኅና መሆኑን ለማስታወቅ በየጊዜው ባዶ ወረቀት ሊልክላት፤ እርስዋም አይታ ልትመልሰው ተስማምተው ኖሮአል። ነጋዴዎችም ከድኾቹ የተሻለ ነገር አላደረጉም፤ ደብዳቤዎቻቸውን በሸቀጥ መካከል ሸሽገው፤ በጋሪ ነጂና በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር። ሕጉ ይከለክላል፤ ዋጋው ግን ያስገድዳል።

ሂል በፖስታ ቤት አንድ ቀን ስንኳ ሠርቶ አያውቅም። ነገር ግን በምክር ቤት የታተሙትን የሒሳብ መዝገቦች ሰብስቦ መረመረ። ከ1815 እስከ 1835 ዓ.ም. ድረስ የአገሩ ሕዝብ ሲበዛ፤ ንግዱም ሲሰፋ፤ የፖስታው ገቢ ግን ከነበረበት ፈቀቅ ሳይል መቅረቱን አየ። ቀጥሎም አንድ ደብዳቤ ከሎንዶን ወደ ኤዲምቡርግ ለማድረስ የመንገዱ ወጪ ምን ያህል ነው ብሎ ቢያሰላ፤ ከአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛው እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ገንዘብ የሚፈጀው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱን ደብዳቤ መመርመር፤ ዋጋውን መጻፍ፤ ከበር ቆሞ ገንዘብ መቀበልና ሒሳቡን መያዝ መሆኑን ተረዳ። ይህ ከሆነ ዘንድ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፤ ዋጋውም በአገሩ ውስጥ ሁሉ ለግማሽ አውንስ አንድ ፔኒ ይሁን የሚለውን አሳቡን በ1837 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ገለጸ። አስቀድሞም ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለስፕሪንግ ራይስ አቀረበው፤ ሚኒስትሩ ግን ምንም ተስፋ አልሰጠውም።

የፖስታው የበላይ ሹም ሎርድ ሊችፊልድ በመኳንንት ምክር ቤት ቆሞ ይህን አሳብ ከሰማው ቅዠት ሁሉ የባሰ ነው ሲል ነቀፈው። ደብዳቤው ቢበዛ የፖስታ ቤቱ ግድግዳ ይፈርሳል እስከ ማለትም ደረሰ። ሂልም ቤቱ ለሥራው ይስፋ ወይስ ሥራው ለቤቱ ይጥበብ ብሎ መልሶ ጠየቀ። ሹማምንቱን በሞኝነት ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የመንግሥት ገቢ አደራ ስላለባቸው መፍራታቸው ተገቢ ነበር። ጥፋታቸው ፍርሃቱ ሳይሆን የቀረበላቸውን ሒሳብ በሒሳብ ሳይመረምሩ በንቀት መመለሳቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ነጋዴዎቹ ተነሡ። በፌብሩዋሪ 1838 ዓ.ም. ጆርጅ ሞፋት የተባለ ነጋዴ ባልንጀሮቹን አስተባብሮ የነጋዴዎች የፖስታ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ከታላቁ ከቤሪንግ የንግድ ቤት ጆሹዋ ቤትስ ሆነ። አሽረስት የተባለው የሕግ ዐዋቂ ያለ ደመወዝ ተሟገተላቸው። ሄንሪ ኮል የሚባለውንም ትጉህ ጸሐፊ ለዚሁ ሥራ ቀጠሩት። ኮል ስለ ፖስታ ነገር ብቻ የሚናገር ጋዜጣ እያሳተመ በየከተማው በተነ፤ ንግሥቲቱና ሚኒስትሮቿ ስለ ፖስታ ሲነጋገሩ የሚያሳይ ልብ ወለድ ጽሑፍ አዘጋጅቶም ቻርልስ ዲክንስ በየወሩ ከሚያወጣው መጽሐፍ ጋራ አብሮ እንዲሠራጭ አደረገ። የምክር ቤት አባል ሮበርት ዋላስ በሚመራው መርማሪ ኮሚቴ ፊትም ምስክሮች ቀረቡ፤ ከነዚህም አንዱ የማንቸስተሩ ነጋዴ ሪቻርድ ኮብደን ነበረ። በ1839 ዓ.ም. ከየአገሩ ወደ ምክር ቤት የገባው አቤቱታ ከሁለት ሺህ በላይ ሆነ።

ነጋዴዎቹ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ ነው አንልም። የዋጋ ዝርዝራቸውና የሒሳብ ደብዳቤያቸው በርካሽ እንዲሄድ ይፈልጉ ነበር፤ ይህንንም አልሸሸጉም። ነገር ግን ለነጋዴ ልዩ ቅናሽ ይደረግልን ብለው አልለመኑም። የጠየቁት ለባንኩ ባለቤትና ለሎሌው፤ ለመኰንኑና ለመበለቲቱ አንድ የሆነ ዋጋ ነው። በእኛ አስተያየት ያሸነፉት ስለዚህ ነው፤ ለራሳቸው ብቻ ለምነው ቢሆን ኖሮ ሚኒስትሮቹ በቀላሉ ይመልሱዋቸው ነበር።

ሕጉ በ1839 ዓ.ም. ኦገስት 17 ቀን ጸደቀ። በዲሴምበር ዋጋው ለጊዜው አራት ፔኒ ሆነ፤ በ1840 ዓ.ም. ጃንዋሪ 10 ቀን አንድ ፔኒ ሆነ። የታላላቆቹም ያለ ዋጋ የመላክ መብት ቀረ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም የራስዋን መብት ተወች። በሜይ 6 ቀን የንግሥቲቱ መልክ ያለበት ጥቁር ቴምብር በሥራ ላይ ዋለ። የእንግሊዝ ቴምብር የመጀመሪያው ስለ ሆነ የአገሩን ስም ሳይጽፍ እስካሁን ይኖራል። ይህም ሥርዓት ወደ ሌሎች አገሮች ተላልፎ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቴምብር በፓሪስ አሳተሙ፤ በ1908 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

ስለ ገቢው ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። በ1839 ዓ.ም. 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው ደብዳቤ በ1840 ዓ.ም. ወደ 169 ሚሊዮን፤ በ1850 ዓ.ም. ወደ 347 ሚሊዮን ከፍ አለ። የተጣራው ገቢ ግን ከ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረው በአንድ ዓመት ወደ 500 ሺህ ፓውንድ ወረደ፤ ወደ ቀድሞው ልክ ለመመለስም ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ሂል ከዚህ ፈጥኖ ይመለሳል ብሎ ነበር። እንግዲህ የሹማምንቱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ የሂልም ሒሳብ በጊዜው ላይ ስቶአል። ነገር ግን መንግሥት ያጣው ገንዘብ አልጠፋም፤ በሕዝቡ እጅ ቀርቶ ነበር።

ሕግ መውጣቱ ሥራውን አልፈጸመውም። ሂል በገንዘብ ሚኒስቴር ተሾሞ ሲሠራ፤ የፖስታ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ኮሎኔል ሜበርሊ በየነገሩ ያዘገየው ነበር፤ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ መንግሥት ከሥራው አሰናበተው። በዚህ ጊዜም ነጋዴዎቹ አልረሱትም፤ ከሕዝቡ መዋጮ ሰብስበው 13 ሺህ ፓውንድ ያህል ሰጡት። እርሱም በመካከሉ የብራይተንን ምድር ባቡር ኩባንያ አስተዳደረ። በ1846 ዓ.ም. ወደ ፖስታ ቤት ተመለሰ፤ በ1854 ዓ.ም. የሜበርሊን ቦታ ያዘ።

በ1849 ዓ.ም. የተነሣው ክርክር በተለይ ካህናት አንባቢዎቻችንን ይመለከታል። ሂል በእሑድ ቀን በሎንዶን በኩል የሚያልፈው ደብዳቤ እንዳይቆም ጥቂት ሰዎች እንዲሠሩ ባዘዘ ጊዜ ሰንበት ተሻረ ተብሎ ብዙ ጩኸት ሆነ። እርሱ ግን በዋናው ከተማ ጥቂቶች ቢሠሩ በየገጠሩ ያሉት ብዙዎች ከእሑድ ሥራ ያርፋሉ ብሎ ያስረዳ ነበር። በ1850 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የእሑድን አገልግሎት በሙሉ አስቆመ፤ ሕዝቡ ስለ ተቸገረ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ሰንበትን ለማክበር የተነሡት በልባቸው ቅን ነበሩ፤ ሆኖም በቍጥሩ ነገር ሂል እውነት ነበረው።

ጠባዩ ገር አልነበረም። የሌላውን አሳብ በቶሎ አይቀበልም፤ ምስጋናውንም ከሌላ ጋራ መካፈል ይከብደው ነበር፤ ከበታቾቹም ከበላዮቹም ጋራ ይጋጭ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1864 ዓ.ም. ጤናው ስለ ደከመ ሥራውን ሲለቅ ምክር ቤቱ 20 ሺህ ፓውንድ ሸለመው።

በ1879 ዓ.ም. በጁን ወር የሎንዶን ከተማ ማኅበር የክብር ዜግነት ሊሰጠው ወሰነ። ሂል ከአልጋው መነሣት ስላልቻለ የከተማው መልእክተኞች ወደ ሃምፕስቴድ ወደ ቤቱ ሄደው ሰጡት። በኦገስት 27 ቀን በዚያው ቤት ዐረፈ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።