ቻርልስ ባቤጅ፡- ማሽኑን ሳያይ ያለፈው የሒሳብ ሊቅ

እ.ኤ.አ. በ1991 የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም መዘውሩ በእጅ እየተዞረ የሚያሰላ አንድ ግዙፍ ማሽን ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። የነደፈው ሰው ቻርልስ ባቤጅ ከሞተ 120 ዓመት አልፎት ነበር።

ባቤጅ በ1791 ለንደን ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ በ1816 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በዚያን ዘመን መርከበኞች፣ መሐንዲሶችና የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሚሠሩት በሰው እጅ ተሰልተው በታተሙ የቁጥር ሠንጠረዦች ነበር። አስሊው ወይም ፊደል ለቃሚው አንድ አኃዝ ከሳተ ስህተቱ መርከቡ ድረስ ይጓዛል። ባቤጅ መፍትሔ ያለው የሚያሰላውም የሚያትመውም ማሽን እንዲሆን ነው። “ዲፈረንስ ኢንጂን” ብሎ የሰየመው ይህ ማሽን ማባዛትን ትቶ በመደመር ብቻ ሠንጠረዥ ያወጣል።

የእንግሊዝ መንግሥት ከ1823 ጀምሮ ገንዘብ ሰጠው። ይሁንና በ1827 አባቱና ባለቤቱ ጆርጂያና በአንድ ዓመት ሞቱበት። ከዋናው ባለሙያ ከጆሴፍ ክሌመንት ጋርም በክፍያ ተጣልቶ በ1833 ሥራው ቆመ። መንግሥት ከ17 ሺሕ ፓውንድ በላይ ካወጣ በኋላ በ1842 እጁን ሰበሰበ።

ባቤጅ ራሱም ከጥፋቱ ነፃ አልነበረም። የጀመረውን ሳይጨርስ ከ1834 አንስቶ ሐሳቡ ወደ ሌላ ማሽን፣ ወደ “አናሊቲካል ኢንጂን” ሄደ። ይህኛው ቁጥር የሚያስቀምጥበትና የሚያሰላበት ክፍል የተለያየ ሲሆን፣ ትዕዛዝ የሚቀበለው እንደ ሽመና መኪና በተበሳ ካርድ ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር መሠረታዊ አሠራርም ከዚህ የራቀ አይደለም። አዳ ላቭሌስ በ1843 ባሳተመችው ማብራሪያ ማሽኑ ከቁጥር ያለፈ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አስረድታለች።

ከ1847 እስከ 1849 ባቤጅ ቀለል ያለ ሁለተኛ ዲፈረንስ ኢንጂን ነደፈ። የሚሠራለት ግን አላገኘም። በጥቅምት 1871 በ79 ዓመቱ ሲሞት በእጁ የቀሩት ንድፎችና ቁርጥራጭ ሞዴሎች ነበሩ።

ሙዚየሙ የሠራው ያንን ሁለተኛ ንድፍ ነው። ባለሙያዎቹ በባቤጅ ዘመን ሊገኝ ከሚችለው የልኬት ጥራት ላለማለፍ ተጠነቀቁ፤ ማሽኑም በትክክል አሰላ። የማተሚያው ክፍል በ2002 ሲጨመር የዕቃዎቹ ብዛት 8 ሺሕ፣ ክብደቱም 5 ቶን ደረሰ። ባቤጅን ያሸነፈው ገንዘብ፣ ጠብና ትዕግሥት ማጣት እንጂ ሒሳቡ አልነበረም።