ራስ ተሰማ ሲሞቱ ሒሳቡን ማን ከፈለ?

ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ጎሬን ታገኛላችሁ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ እሷ ነበረች፤ መቱ ተራውን ያገኘችው በደርግ ዘመን ነው። ጎሬ ላይ ተቀምጠው ያን ሁሉ አገር ሲገዙ ከነበሩት ሰዎች ስማቸው የገነነው ደግሞ ራስ ተሰማ ናደው ናቸው።

ስለ ራስ ተሰማ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ፖለቲካው ነው። እኔን ግን፣ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን በሌላ፣ የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ያህል መሬትና ሰው የነበረው ጌታ ሲሞት ሀብቱ እንዴት ይጣራል? ወጪውስ በማን ላይ ይወድቃል?

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቃቸው። ተሰማ የአፄ ምኒልክ የቅርብ ሰውና የጦር አዛዥ ነበሩ። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች በ1889 ዓ.ም. ወደ ባሮ ሲወርድ ጎሬ ላይ በእንግድነት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ማዕረጋቸው ደጃዝማች ነበር። በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ከደጋው ወደ ነጭ ዓባይ ዘመቱ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ፋሾዳ ላይ ሊፋጠጡ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ የተሰማ ሰዎች የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ የሚገናኝበት ቦታ ደርሰው ባንዲራ ተከሉ። ቆላው ግን ለደገኛ ጦር የሚሆን አልነበረም፤ ወባና ሙቀት ስለበረታባቸው ወደ ደጋው ተመለሱ።

ከዚያ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። የኢሉባቦር ቡና በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ባሮ እየወረደ፣ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ጀመር። ጎሬ ሀብታም የሆነችው በዚህ ነው። ተሰማም ከፍ እያሉ ሄዱ። ጥቅምት 1902 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ሲታወጅ፣ ራስ ቢትወደድ ተብለው የልጁ እንደራሴ ሆኑ። መጋቢት ላይ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ ቁንጮው እሳቸው ነበሩ። ግን ዓመት ከጥቂት ቢቆዩ ነው፤ ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ሒሳቡ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ሦስት ወጪ ይመጣል።

አንደኛው የነፍስ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜም ስለ ውርስም የሚደነግግ ክፍል አለው። ሟች በንስሐ አባቱና በሽማግሌ ፊት ይናዘዛል፣ ለቤተ ክርስቲያን ድርሻ ይተዋል። ቀጥሎ ፍትሐቱ አለ፣ ከዚያ የአርባው ተዝካር። በሬ ይጣላል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ካህናትና ድሃ ይበላል። ለጌታ ቤት ይህ የክብር ጉዳይ ነው፤ ለደሃው ግን ዕዳ ነው፣ በተዝካር የተራቆተ ቤት ስንት ነው!

ሁለተኛው የንጉሥ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ባላባት ሲሞት ወራሹ መሬቱን ለመረከብ ለንጉሡ ይከፍል ነበር። ንጉሦቹ እንደፈለጉ ዋጋ ስለሚቆልሉ፣ መኳንንቱ በ1215 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማግና ካርታ ጣሪያ አስቀመጡለት፦ ለአንድ ባሮን 100 ፓውንድ። የኛ አገሩ ግን ሌላ ነው። ርስት ለልጅ ያልፋል፤ ከሹመት ጋር የተሰጠ ማደሪያ ግን ሹመቱ ሲያበቃ ወደ መንግሥት ይመለሳል። የአንድ ገዢ አብዛኛው ጉልበት ደግሞ ከሹመቱ ነው የሚመጣው። በኛ በኢኮኖሚስቶቹ ቋንቋ፣ በዚህኛው ሀብት ላይ የውርስ ግብሩ መቶ በመቶ ነበር ማለት ነው። ኢሉባቦርም ከተሰማ በኋላ ሹማምንት ተፈራረቁባት።

ሦስተኛው ወጪ የትኛውም ኑዛዜ ላይ የማይጻፈው ነው። ጌታው ሲሞት አሽከሩና ወታደሩ ሌላ ጌታ ይፈልጋል። አዲሱ ሹም ደግሞ የራሱን ሰው አስከትሎ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ማደሪያ ማለት ደግሞ በባዶው መሬት አይደለም፤ በላዩ ያለው ገባር ነው። እህል የሚያገባው፣ ማር የሚሰፍረው፣ የጌታውን እርሻ የሚያርሰው፣ አጥር የሚያጥረው የመቱና የጎሬ ዙሪያ ኦሮሞ ገበሬ ነው። ጌታ በተለወጠ ቁጥር አዲስ እጅ መንሻ፣ አዲስ ድግስ፣ አዲስ አለቃ። ተዝካሩ ላይ የሚፈሰው ማርና የሚታረደው በሬም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ከእሱ በረት፣ ከእሱ ቀፎ ነው የሚወጣው።

ለዚህ ነው የትልልቅ ሰዎችን ታሪክ ሳነብ ከሹመቱ ዝርዝር ይልቅ ከሞታቸው በኋላ ያለውን ገጽ የምፈልገው። ተሰማ ነጭ ዓባይ ድረስ የሄዱ፣ አገር ያስተዳደሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይወስድባቸውም። ግን ያ ሁሉ ስንቅ የወጣበት ጎተራ ባለቤት ስሙ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ እንጂ የኋላውን ሒሳብ ማንም ተቀምጦ አልተሳሰበም።

ዛሬስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተራውን አስቀምጦታል። ከውርሱ መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይከፈላል፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። ወራሽ የሚካፈለው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ የቡና ማሳ ወይም የከተማ ቤት ለመካፈል ሽማግሌ የተቀመጠ ካለ ይህን ተራ አስታውሱት። ድርሻዬ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ሟች የማን ዕዳ አለበት ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ደግሞ መሬቱን ሲያርስ፣ ቡናውን ሲለቅም የኖረው ሰው ደሞዙ ተከፍሎት እንደሆነ።