ካሚሎ ጎልጂ

ካሚሎ ጎልጂ (ጁላይ 7 ቀን 1843 – ጃንዩዌሪ 21 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊ ሐኪምና የሕዋስ ተመራማሪ ነበር። የነርቭ ሕዋሳትን አጥርቶ የሚያሳይ ማቅለሚያ ያገኘ፣ የወባ ትኩሳት ለምን ቀን ጠብቆ እንደሚመላለስ ያስረዳ፣ ዛሬ የጎልጂ አካል የሚባለውን የሕዋስ ክፍልም ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸ ሰው ነው። የጎልጂ አካል በሕዋስ ውስጥ የተሠሩ ፕሮቲኖች ተስተካክለው ወደየቦታቸው የሚላኩበት ጣቢያ ነው፤ ብዙ ቫይረሶችም የሽፋናቸውን ፕሮቲን የሚያሳልፉት በዚሁ በኩል ነው። ጎልጂ ግን ያገኘው አካል ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ሞተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ጎልጂ የተወለደው በሰሜን ጣሊያን፣ በብሬሻ አውራጃ በምትገኘው ኮርቴኖ የተባለች የተራራ መንደር ነው። አባቱ አሌሳንድሮ ሐኪም ነበር። ልጁም በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1865 ተመረቀ። ከዚያ በፓቪያ በሳን ማቴኦ ሆስፒታል እየሠራ በቼዛሬ ሎምብሮሶ ዘንድ የአእምሮ ሕመምን አጠና። ይበልጥ የሳበው ግን በዕድሜ ከእርሱ የሚያንሰው የጁሊዮ ቢዞዜሮ ቤተ ሙከራ ነበር፤ በአጉሊ መነጽር መመራመርን በዚያ ተማረ።

ጥቁሩ ማቅለሚያ

በ1872 ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ፈልጎ፣ አቢያቴግራሶ በምትባል ከተማ የማይድኑ ሕሙማን የሚጦሩበት ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆነ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ወጥ ቤቱን መመራመሪያ አደረገው። በዚያም የአንጎል ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት አጠንክሮ በሲልቨር ናይትሬት ሲነክር፣ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ከነቅርንጫፎቻቸው ጠቁረው በቢጫ መደብ ላይ ጎልተው ታዩት። ውጤቱን በ1873 አሳተመ። የማቅለሚያው ጥቅም ከጥቂቶቹ በቀር ሌሎቹን ሕዋሳት አለማቅለሙ ነው፤ ሁሉንም ቢያጠቁር ኖሮ የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጫካ ብቻ ይሆን ነበር።

ወባና የፓቪያ ቤተ ሙከራ

ጎልጂ ወደ ፓቪያ ተመልሶ በ1881 የአጠቃላይ ፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1885 ጀምሮ ባካሄደው ጥናት፣ የወባ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የሚነሣው ጥገኛ ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን አፈንድቶ በአንድነት በሚወጣበት ሰዓት መሆኑን አሳየ። በየ48 ሰዓቱና በየ72 ሰዓቱ የሚመላለሱት ትኩሳቶችም ከተለያዩ የተሕዋሱ ዓይነቶች የሚመጡ መሆናቸውን ለየ።

በዚሁ ቤተ ሙከራ ተማሪው አዴልኪ ኔግሪ በ1903 በእብድ ውሻ በሽታ በሞቱ እንስሳት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ትንንሽ ክብ ነገሮችን አገኘ። ኔግሪ ጥገኛ ተሕዋስ መስለውት ነበር፤ በእርግጥ ግን የበሽታው ቫይረስ በሕዋሱ ውስጥ የሚራባባቸው ስፍራዎች ነበሩ። የኔግሪ አካላት የተባሉት እነዚህ ምልክቶች በሽታውን ለመለየት ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግለዋል።

የውስጥ መረብ

ጎልጂ በ1898 የጉጉትን ንዑስ አንጎል ሲመረምር በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ፣ በአስኳሉ ዙሪያ የተዘረጋ ስስ መረብ አየ፤ የውስጥ መረባዊ አካል ብሎም ሰየመው። ማቅለሚያው አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እምቢ ስለሚል፣ መረቡ ኬሚካሉ የፈጠረው እንጂ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም ያሉ ሳይንቲስቶች ብዙ ነበሩ። በ1949 እንኳ አልበርት ክሎድና ጆርጅ ፓላዴ ይህንኑ ሐሳብ ደግፈው ጽፈዋል። በ1954 ግን ዳልተንና ፌሊክስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተደራረቡ ጠፍጣፋ ከረጢቶችን አሳዩ፤ ክርክሩም በዚያው እየበረደ ሄደ። በኋላም ሕዋስ ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ፕሮቲኖች በጎልጂ አካል በኩል እንደሚያልፉ በዝርዝር ካሳዩት መካከል አንዱ ያው ፓላዴ ነበር።

የኖቤል ሽልማትና ክርክሩ

ጎልጂ በ1906 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል ጋር ተካፈለ። ካሃል በጎልጂ ማቅለሚያ ተጠቅሞ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ጎልጂ ግን ነርቮች ሁሉ ተያይዘው አንድ መረብ ይሠራሉ ብሎ ያምን ስለነበር፣ በሽልማቱ ንግግሩ የካሃልን ሐሳብ ተቃወመ። በዚህ ነገር ጊዜ ለካሃል ፈረደ። ጎልጂ አጥብቆ የተከራከረለት ትልቁ መረብ ሲፈርስ፣ ሌሎች የተጠራጠሩት ትንሹ መረብ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የመጨረሻ ዓመታት

ጎልጂ በ1900 የመንግሥቱ ሴናተር ሆኖ ተሹሟል፤ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲንም በሬክተርነት መርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓቪያ የተቋቋመውን የጦር ሆስፒታል አስተዳደረ። በ1918 ከማስተማር ጡረታ ወጥቶ በ1926 በፓቪያ ዐረፈ። ልጅ አልነበረውም። የትውልድ መንደሩ ዛሬ ኮርቴኖ ጎልጂ ትባላለች።

ቫይረሶችና የጎልጂ አካል

የሽፋን ፕሮቲን የሚሠራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሕዋሱ የውስጥ ሽፋን ላይ ነው። ከዚያ በጥቃቅን ከረጢቶች ተጭኖ ወደ ጎልጂ አካል ይሄዳል፤ እዚያ የተያያዙበት የስኳር ሰንሰለቶች ደረጃ በደረጃ ይስተካከላሉ፤ በመውጫው በኩልም ወደየመድረሻው ይለያል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች ስላሉ አንዱን ነጥሎ መከታተል አዳጋች ነበር። ቫይረስ ችግሩን አቃለለ፤ በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ የዚያን ቫይረስ ጥቂት ፕሮቲኖች በብዛት ይሠራልና።

በዚህ ረገድ ትልቅ አገልግሎት የሰጠው የከብትና የፈረስን አፍ የሚያቆስለው የቬሲኩላር ስቶማቲቲስ ቫይረስ ነው፤ ይህም የኔግሪን አካላት የሚፈጥረው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ዘመድ ነው። በ1978 ሮድሪገዝ ቡላንና ሳባቲኒ የውሻ ኩላሊት ሕዋሳትን ተጠቅመው፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሕዋሱ የላይኛው ገጽ፣ የቬሲኩላር ስቶማቲቲስ ቫይረስ ደግሞ በታችኛውና በጎኖቹ በኩል እንደሚወጣ አሳዩ። የሁለቱም የሽፋን ፕሮቲኖች በጎልጂ አካል አልፈው ወደ ተለያየ ወገን ይላካሉ፤ አድራሻውም በፕሮቲኑ በራሱ አካል ላይ ያለ ምልክት ነው። ጄምስ ሮትማን በዚሁ ቫይረስ ፕሮቲን ተጠቅሞ ከረጢቶቹ ጭነታቸውን እንዴት እንደሚያደርሱ መረመረ፤ በ2013ም የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተካፈለ።

ሁሉም ቫይረስ ግን በሕዋሱ ዳር አይወጣም። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረስ ፕሮቲኖች በጎልጂ አካል ውስጥ ይቆያሉ፤ ቫይረሱም ሽፋኑን የሚለብሰው በዚያው ነው። ኮሮና ቫይረሶች ደግሞ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደ ጎልጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ አንድ ቫይረስ በሕዋሱ ውስጥ የት እንደሚሠራና በየት በኩል እንደሚወጣ ለማወቅ፣ ተመራማሪዎች ዛሬም ፕሮቲኖቹ ወደ ጎልጂ አካል ደርሰው ይቆዩ ወይም ይለፉ እንደሆነ ይመረምራሉ።