ሳቫ ማሞንቶቭ፦ ባቡር ሠሪውና የገጠር ጥበብ ደጋፊው

የባቡር ሐዲድን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሐዲዱ ርዝመት፣ በድልድዮቹ ብዛትና በወጣው ገንዘብ ላይ ነው። ሐዲዱ በደጁ ያለፈው የገጠር ሰው ከዚያ ወዲያ በምን እንደኖረና እጁ ምን ዓይነት ሙያ እንደለመደ ግን እምብዛም አይወሳም። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩ በአጭሩ የሚቀርበው ሩሲያዊው ሳቫ ኢቫኖቪች ማሞንቶቭ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ለማስኬድ የሞከረ ሰው ነበር። ሐዲድ ዘረጋ፤ በሐዲዱ ዳር ባለች አንዲት የገጠር ቦታም የአገሩን ታላላቅ ሠዓሊዎች ሰብስቦ አኖረ፤ ቤተሰቡም የመንደሩን ልጆች የእጅ ጥበብ አስተማረ። መጨረሻው ወኅኒ ቤትና ኪሳራ ሆነ። ሕይወቱ ለሙያችን ትምህርት የሚሰጠውም ከስኬቱና ከውድቀቱ በአንድነት ነው። (ዘመናቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ማሞንቶቭ በ1841 በሳይቤሪያ፣ ያሉቶሮቭስክ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢቫን ማሞንቶቭ ከአረቄ ግብር ኮንትራት ብዙ ሀብት ያፈራ ነጋዴ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሞስኮ ከተዛወረ በኋላ ልጁ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲማር ተላከ፤ ዳሩ ግን ልቡ ያደረው በቴአትርና በዘፈን ላይ ነበር። ኢጣልያ ድረስ ሄዶ የድምፅ ትምህርት እስከ መከታተል ደርሷል። በ1865 የሐር ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ኤሊዛቬታ ሳፖዥኒኮቫን አገባ። ከእርሷም አምስት ልጆች ወለደ። የልጆቹ ስሞች፣ ማለትም ሰርጌይ፣ አንድሬይ፣ ቭሴቮሎድ፣ ቬራና አሌክሳንድራ፣ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው በሩሲያኛ ሲገጣጠሙ የአባትየውን ስም ይሰጣሉ።

ማሞንቶቭ የምህንድስና ዲግሪ አልነበረውም። የባቡርን ሥራ የተማረው ከአባቱና ከአባቱ ሸሪክ ከፊዮዶር ቺዥሆቭ ነው። ቺዥሆቭ የሒሳብ ምሁር ሲሆን ስለ እንፋሎት ሞተር መጽሐፍ የጻፈ፣ ሮማ በኖረበት ዘመን ደግሞ ከሠዓሊዎች ጋር የተወዳጀ ሰው ነበር። ከሞስኮ ወደ ሥላሴ ገዳም የሚወስደው የባቡር መስመር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ቺዥሆቭ በመንገዱ ላይ ወጣቶች አሰማርቶ የሚያልፈውን እግረኛ፣ ፈረሰኛና ጋሪ ሌት ተቀን አስቆጠረ። ዛሬ የትራፊክ ቆጠራ የምንለው መሆኑ ነው። መስመሩም እስከ ሰርጊዬቭ ፖሳድ ድረስ በ1862 ተከፈተ፤ በ1870 ደግሞ ያሮስላቭል ደረሰ። አባቱ በ1869 ሲሞት ኃላፊነቱ ወደ ወጣቱ ሳቫ ተላለፈ። ከዚያም በ1870ዎቹ የዶኔትስን የድንጋይ ከሰል አካባቢ የሚያገለግለውን የባቡር መስመር አሠራ።

በ1870 ማሞንቶቭና ሚስቱ ከሞስኮ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አብራምትሴቮን በ15,000 ሩብል ገዙ። ቦታዋ ቮርያ በምትባል ወንዝ ዳር ያለች፣ ቀድሞ የደራሲው የሰርጌይ አክሳኮቭ ርስት የነበረች ናት። በአቅራቢያዋ ያለው የሆትኮቮ ጣቢያ በራሱ በማሞንቶቭ መስመር ላይ ይገኝ ስለነበር ሞስኮ ለመድረስ ችግር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ኢልያ ሬፒን፣ ቫሲሊ ፖሌኖቭ፣ ቪክቶር ቫስኔትሶቭና ሌሎችም በጋውን እዚያ እየከረሙ መሥራት ጀመሩ። ቫለንቲን ሴሮቭ ገና በልጅነቱ እናቱ ይዛው መጥታ ከቤተሰቡ ጋር ያደገ ያህል ነበር። በ1887 በቤቱ ምግብ ክፍል ውስጥ የማሞንቶቭን ልጅ ቬራን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ኮኮች ጋር የሣለበት ሥዕል ዛሬ በሞስኮ ትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል ይታያል። ሠዓሊዎቹ ያገኙት ማደሪያና ማዕድ ብቻ አልነበረም። እርስ በርስ የሚተራረሙበት፣ አንዱ የሌላውን ሙያ የሚሞክርበት ቦታም አገኙ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃው የግቢው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1880 የጸደይ ወራት ወንዙ ሞልቶ ቤተሰቡና ጎረቤቶቹ ለፋሲካ ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው መሻገር ስላልቻሉ፣ የራሳቸውን ለመሥራት ተስማሙ። ንድፉን ፖሌኖቭና ቫስኔትሶቭ በጥንታዊው የኖቭጎሮድ አሠራር መሠረት አወጡ። ሬፒን ሥዕለ አድኅኖ ሣለ፤ ቫስኔትሶቭ የወለሉን ሞዛይክ በአበባ ቅርጽ ነደፈ፤ ሴቶቹ መጋረጃና አልባሳት ጠለፉ። በ1882 የተጠናቀቀው ይህ ትንሽ ሕንፃ ከዚያ በኋላ ለመጣው የሩሲያ ሥነ ሕንፃ አቅጣጫ እንደ መነሻ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ለአካባቢው ገበሬ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያቋቋመችው ኤሊዛቬታ ናት። አስቀድማ ለመንደሩ ሕዝብ የሕክምና ቤትና ትምህርት ቤት ከፈተች። ከትምህርት ቤቱ ጋር የተያያዘ የአናጢነት ወርክሾፕም በ1876 ተጀመረ። በ1881 ሬፒንና ፖሌኖቭ በአቅራቢያ ባለች መንደር ሲዘዋወሩ ውብ ቅርጽ ያለበት የገበሬ ቤት እንጨት አግኝተው ይዘው መጡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡና ሠዓሊዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ የቅርጽ ሥራ ያለበትን የእንዝርት መደገፊያ፣ የጨው ዕቃ፣ ሣጥንና መንሸራተቻ ጋሪ ሰበሰቡ። በ1885 የፖሌኖቭ እህት ኤሌና ፖሌኖቫ የወርክሾፑን የጥበብ አመራር ያዘች። ከተሰበሰቡት ዕቃዎች ጌጥ እየወሰደች ለቁም ሣጥን፣ ለወንበርና ለመደርደሪያ ንድፍ አወጣች። ተማሪዎቹ የአካባቢው የገበሬ ልጆች ሲሆኑ ትምህርታቸው ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። ሲጨርሱም እያንዳንዱ የአናጢ መሥሪያ ጠረጴዛና የተሟላ መሣሪያ በስጦታ ተቀብሎ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የተሠራው ዕቃ ሞስኮ ይሸጣል። የዕቅዱ ዓላማ ገበሬው በረጅሙ ክረምት እርሻ በማይኖርበት ጊዜ ቤቱን ሳይለቅ የሚተዳደርበት ሙያ እንዲኖረው ነበር።

ማሞንቶቭ ራሱ ቅርጽ መሥራት ይወድ ስለነበር ልቡ ያዘነበለው ወደ ሸክላ ነው። በ1890 ገደማ አብራምትሴቮ ውስጥ የሸክላ ወርክሾፕ ተቋቋመ። በዚህ ወርክሾፕ የሸክላ ኬሚስትሪ ዐዋቂው ፒዮትር ቫውሊንና ሠዓሊው ሚኻይል ቭሩቤል ተገናኙ። ቭሩቤል ቅርጹን ያወጣል፤ ቫውሊን ደግሞ የቅቡን ውሕደትና የእቶኑን አየር እየለዋወጠ የብረት ነጸብራቅ ያለው ገጽታ እስኪገኝ ድረስ ይሞክራል። ሠዓሊና ቴክኒሻን በአንድ እቶን ፊት እኩል ሆነው የሠሩበት ይህ ትብብር በተለይ በሙያ ማኅበራችን አባሎች ዘንድ ሊታወስ የሚገባው ነው።

በ1890ዎቹ ማሞንቶቭ ሐዲዱን ከቮሎግዳ ወደ ነጭ ባሕር ወደብ ወደ አርኻንግልስክ ለመዘርጋት ተነሣ። አገሩ ረግረግና ደን፣ ሕዝቡም ጥቂት በመሆኑ ወጪውን ለመቀነስ መስመሩ 1,067 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ ተሠራ። ሥራው ገና ሳያልቅ በ1894 ሴሮቭንና ኮንስታንቲን ኮሮቪንን የሰሜኑን ምድር እንዲሥሉ ላካቸው። በ1896 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ኮሮቪን የሰሜኑን አዳራሽ አስጌጠ። በዚያው ኤግዚቢሽን ቭሩቤል የሣላቸውን ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች የአካዳሚው ገምጋሚዎች ስላልተቀበሏቸው፣ ማሞንቶቭ ሥዕሎቹን ገዝቶ ከኤግዚቢሽኑ አጥር ውጪ በራሱ ገንዘብ አዳራሽ አስገንብቶ ለሕዝብ አሳየ። በ1885 ባቋቋመው የግል ኦፔራም ወጣቱን ፊዮዶር ሻልያፒንን በዚያው በ1896 ቀጠረ፤ የመድረኩን ሥዕል ደግሞ ሠዓሊዎቹ ይሠሩ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የቆመበት መሠረት እየላላ ነበር። ማሞንቶቭ ለባቡሩ ተሽከርካሪና ብረት የሚያቀርቡ ፋብሪካዎችን፣ በተለይም የፒተርስቡርግን የኔቭስኪ ፋብሪካ፣ ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ለማያያዝ ሲል ከባቡሩ ካዝና ወደ ፋብሪካዎቹ ገንዘብ አዛወረ። ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር። ለጊዜው ነው ብሎ ያሰበው ብድር ሳይመለስ ቀረ፤ ከመንግሥት ይጠብቅ የነበረውም ድጋፍ ታጠፈ። በመስከረም 1899 ተይዞ ታሠረ። በወኅኒ ቤት ወራት ሲያሳልፍ ጭቃ እያላቆጠ የጠባቂዎቹን ምስል ይቀርጽ ነበር። ሠዓሊዎቹ አልካዱትም። በ1900 ፋሲካ የብዙዎቻቸው ፊርማ ያለበት የማጽናኛ ደብዳቤ ደረሰው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል በመሣል ላይ የነበረው ሴሮቭም ስለ እርሱ አማለደ። በዚያው ዓመት በጋ በተካሄደው የፍርድ ሂደት፣ ገንዘቡን ለግል ጥቅሙ አላዋለም በሚል ክርክር የፍርድ ሸንጎው አባላት ከወንጀሉ ነፃ አወጡት። ዕዳው ግን አልተሰረዘለትም፤ የሞስኮው ቤቱና የሰበሰባቸው ሥዕሎች ተሸጡ፤ የባቡር መስመሩም ወደ መንግሥት ተዛወረ።

ከዚህ ጥፋት ሁለት ነገሮች ተረፉ። አብራምትሴቮ በኤሊዛቬታ ስም የተመዘገበች ስለነበረች አልተነካችም። ሞስኮ ዳር ወደ ቡቲርካ በር የተዛወረው የሸክላ ወርክሾፕም በማሞንቶቭ እጅ ቀረ። ባለ ሐዲዱ ከበርቴ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በሸክላ ሠሪነት ነው። በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተቀባይነት ካጡት የቭሩቤል ሥዕሎች አንዱ በዚህ ወርክሾፕ ጡቦች ተሠርቶ የሞስኮው የሜትሮፖል ሆቴል ግንባር ላይ ወጣ፤ ዛሬም በዚያው ይታያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባልቲክና የጥቁር ባሕር ወደቦች በተዘጉ ጊዜ አገሪቱ የጦር ዕቃ የምታስገባበት ዋነኛው በር ያ ጠባብ የአርኻንግልስክ ሐዲድ ሆነ። አቅሙ ስላልበቃም በጦርነቱ ወቅት ወደ ሰፊ ሐዲድ ተለወጠ። ማሞንቶቭ በ1918 ሞቶ በአብራምትሴቮ ግቢ ተቀበረ።

አሁን በጎውንና ጎደሎውን እናመዛዝን። የማሞንቶቭ ልግስና ፈጣንና ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ፈቃድና ሒሳቡ ባልጠራ ካዝና ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ የባለአክሲዮኖች እንጂ የእርሱ እንዳልነበረም መዘንጋት የለበትም። ሥነ ጥበብን መውደድ የሒሳብ መዝገብን ከማጥራት ግዴታ ነፃ አያወጣም። የኤሊዛቬታ ወርክሾፕ በአንጻሩ ትንሽና ዘገምተኛ ነበር፤ ነቀፋም አላጣውም። ንድፉ ከሠዓሊዋ እጅ ይወጣል፤ የገበሬው ልጅ የተሰጠውን ይቀርጻል፤ ጌጡ ከገበሬው ቤት ሄዶ በከተማ ሰው ምርጫ ተለውጦ ይመለሳል የሚል ነው። ነቀፋው እውነትነት አለው።

ሆኖም ወርክሾፑ ለተማሪው ጠረጴዛና መሣሪያ እየሰጠ ወደ መንደሩ ማሰናበቱ ከነቀፋው በላይ ፍሬ አፈራ። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው የኩድሪኖ መንደር ልጅ ቫሲሊ ቮርኖስኮቭ የራሱን የቅርጽ ስልት አውጥቶ ልጆቹንና ጎረቤቶቹን አስተማረ። በ1922 ደግሞ የመንደሩ ጠራቢዎች በእርሱ መሪነት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። የአብራምትሴቮና የኩድሪኖ የእንጨት ቅርጽ የሚባለው ሙያ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ንድፍ ተቀባይ የነበረው የገበሬ ልጅ በአንድ ትውልድ ውስጥ ንድፍ አውጪ ሆነ ማለት ነው።

መንገድ፣ ድልድይና ግድብ ይዘን ወደ ገጠር የምንገባ ባለሙያዎች ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሥራው ቦታ በሚከፈትበት ጊዜ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጠራቢውና ሠዓሊው ከጎናችን አሉ። ለእነርሱ የሚደረገው ድጋፍ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ደግነት ሆኖ ከቀረ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር ያበቃል። በግልጽ በጀት ተይዞለት፣ መሣሪያውና ዕውቀቱ በባለሙያው እጅ የሚቀር፣ ምርቱም በሠራነው መንገድ ገበያ የሚደርስ ከሆነ ግን እኛ ከሄድን በኋላም ይኖራል። ማሞንቶቭ ሐዲዱንና ሀብቱን አጣ፤ ለገበሬ ልጆች የተሰጠውን የአናጢ ጠረጴዛ ግን ማንም ባለዕዳ ሊወስደው አልቻለም።