ጠበቃው ከንቲባ፦ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ

ኒውዮርክን የሚያውቅ መንገደኛ ላጓርዲያ የሚለውን ስም የሚያስታውሰው በአውሮፕላን ማረፊያነቱ ነው። ስሙ ግን ከዚያ በፊት የአንድ ቁመተ አጭርና ቁጡ ጠበቃ ነበር።

ፊዮሬሎ ላጓርዲያ እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያችው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጣሊያናዊ ሙዚቀኛ፣ እናታቸው ከትሪዬስቴ የመጡ አይሁዳዊት ነበሩ። ከ1907 እስከ 1910 ቀን ቀን በኤሊስ ደሴት ለስደተኞች እያስተረጎሙ፣ ማታ ማታ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። ጥብቅና ሲጀምሩም ደጃቸውን የሚያንኳኩት ስደተኞችና የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ።

በዘመኑ ከተማዋን በመዳፉ ሥር ያስገባው ታማኒ ሆል የተባለው የዴሞክራቶች ቡድን ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሥራ በችሎታ ሳይሆን በውለታ ይታደላል። ሪፐብሊካኑ ላጓርዲያ ይህንን ሥርዓት ተጋፈጡ። በ1919 የከተማው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1929 ግን ለከንቲባነት ተወዳድረው በጂሚ ዎከር ክፉኛ ተሸነፉ። ዎከር በሙስና ምርመራ ተወጥረው በ1932 ሥልጣን ሲለቁ በሩ ተከፈተ። ላጓርዲያም የ1933ቱን ምርጫ አሸነፉ።

ከ1934 እስከ 1945 ሦስት የሥራ ዘመን በከንቲባነት አገልግለዋል። የሥራ ቅጥር በፈተናና በችሎታ እንዲሆን አደረጉ። ከተቃራኒው ፓርቲ ከሆኑት ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተስማምተው በፌዴራል ገንዘብ ድልድይ፣ መናፈሻና የድሆች መኖሪያ ቤት አሠሩ። አውሮፕላን ማረፊያው በ1939 ተከፈተ፤ በ1940 ደግሞ ተበታትነው የነበሩት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች በከተማው እጅ ተጠቃለሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ታሪካቸው እሾህ አለው። ሂትለርን ገና ከጅምሩ በአደባባይ ያወገዙት እኚህ ሰው፣ ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ አንደበታቸው ተሳሰረ። ጭራሹን በታኅሣሥ 1935 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለጣሊያን ቀይ መስቀል ገንዘብ በተሰበሰበበት ትልቅ ስብሰባ ላይ ተገኙ። የጣሊያን ተወላጆች ድምፅ ለከንቲባው ወሳኝ ነበር፤ የሃርለም ጥቁሮች ደግሞ በዚያው ወቅት ለኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጡ ነበር። በሙሶሎኒ ላይ በሬዲዮ በጣሊያንኛ የተናገሩት አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

ላጓርዲያ በ1947 በ64 ዓመታቸው ሲያርፉ ለቤተሰባቸው የተረፈው በባንክ ዕዳ የተያዘ ቤትና ጥቂት ገንዘብ ነበር። የከተማዋን ካዝና ያልነካ እጅ ንጹሕ ነው። የድምፅ ስሌት ግን ጉቦ የማይደልለውንም ሰው ዝም ሊያሰኝ እንደሚችል ሕይወታቸው ይመሰክራል።