ስፐርጀንና የባፕቲስቶች ኅብረት

ቻርልስ ሃደን ስፐርጀን የሚለውን ስም ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ብዙ አይገኝም። ስብከቱን ያነበብን እንኖራለን፤ ዝናውን ብቻ የሰማን ግን እንበዛለን። ስለ እርሱ በተወራ ቁጥር የሚነሣው የሕዝቡ ብዛት፣ የድምፁ ጉልበትና የታተመው ስብከት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ብዙ የማይወራለትን ነገር ነው፤ ይኸውም አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ኅብረት አባል የምትሆነው በምን መሠረት ነው የሚለው ጥያቄ የዚህን ሰው የመጨረሻ ዓመታት እንዴት እንዳስጨነቀ ነው።

ስፐርጀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 19 ቀን 1834 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ አውራጃ፣ ኬልቬደን በምትባል መንደር ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱም አያቱም ሰባኪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ባፕቲስቶች አልነበሩም። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድር የሚሉ፣ ሕፃናትንም የሚያጠምቁ የኢንዲፔንደንት ወገኖች ነበሩ። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ስታምበርን ወደሚገኘው አያቱ ቤት ተወስዶ እዚያ ጥቂት ዓመታት አደገ፤ የአያቱን መጻሕፍት እያገላበጠ ማንበብን የለመደውም በዚያ ቤት ነው።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1850 በኮልቼስተር ከተማ ብርቱ በረዶ ይወርድ ነበርና ወጣቱ ስፐርጀን ካሰበው ቦታ መድረስ አቅቶት ወደ አንዲት ትንሽ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ገባ። ጌታን ያመነው በዚያ ጥዋት ነው። ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ ኪዳንን ሲመረምር ጥምቀት ለሚያምን ሰው ነው የሚለው ሐሳብ በልቡ ጸንቶ ስለ ነበር በዚያው ዓመት ሜይ 3 ቀን ከኒውማርኬት ተነሥቶ በእግሩ እስከ አይልሃም ተጓዘና በላርክ ወንዝ ተጠመቀ። ዕለቱ የእናቱ የልደት ቀን ነበር። እናቱ ልጄ ክርስቲያን እንዲሆን ጸለይሁ እንጂ ባፕቲስት እንዲሆን አልጸለይሁም እንዳለችው፣ እርሱም እግዚአብሔር ከለመንሽው አብልጦ ሰጠሽ ብሎ እንደ መለሰላት ይነገራል። ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ልጁ ከቤተ ሰቡ ሥርዓት የወጣው በራሱ ምርመራ ነው።

በ17 ዓመቱ ዋተርቢች በምትባል መንደር የሚገኙ ባፕቲስቶች ሰባኪያቸው አደረጉት። አባቱ ኮሌጅ እንዲገባ ስለ መከረው ከባፕቲስቶች ኮሌጅ ኃላፊ ከዶክተር አንገስ ጋር በካምብሪጅ በአንድ ሰው ቤት ለመገናኘት ተቀጠረ። የቤቱ ሠራተኛ ግን አንዱን በአንድ ክፍል፣ ሌላውን በሌላ ክፍል አስቀምጣ ረሳቻቸው። ሁለቱም ሲጠባበቁ ቆይተው ሳይተያዩ ተለያዩ፤ ስፐርጀንም ኮሌጅ ሳይገባ ቀረ። ለፈተና እንቅልፍ የምናጣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ ትምህርትን ይንቅ ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። ገና በ1856 ሰባኪዎች የሚሠለጥኑበትን ኮሌጅ በለንደን ያቋቋመውና ከራሱ ገቢ ሲደግፍ የኖረው እርሱ ነው።

በዲሴምበር 1853 በለንደን የኒው ፓርክ ስትሪት ቤተ ክርስቲያን እንዲሰብክ ተጋበዘ። አዳራሹ ወደ 1,200 ሰው የሚይዝ ሲሆን በዚያ ጥዋት ግን አብዛኛው መቀመጫ ባዶ ነበር። በኤፕሪል 1854 ምእመናኑ ተሰብስበው መጋቢያቸው እንዲሆን በድምፅ ጠሩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። በባፕቲስቶች ዘንድ መጋቢን ከላይ የሚሾም ጳጳስ የለም፤ የሚጠራው የአጥቢያው የአባላት ጉባኤ ነው። አባላትን የሚቀበለውም፣ የሚያሰናብተውም፣ ከሌሎች ጋር ለመተባበር የሚወስነውም ይኸው ጉባኤ ነው። የኋላው ክርክር ሁሉ ከዚህ ሥር የበቀለ ነው።

የሕይወቱን መካከለኛ ክፍል በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ብዙ ተጽፎበታልና። በኦክቶበር 1856 በሰሪ ጋርደንስ የሙዚቃ አዳራሽ ሲሰብክ አንድ ሰው እሳት ተነሣ ብሎ በመጮኹ ሰባት ሰዎች በግርግር ተረጋግጠው ሞቱ፤ የ22 ዓመቱ ሰባኪ ከዚያ ሐዘን ፈጽሞ ተላቀቀ ለማለት ያስቸግራል። በማርች 1861 ከ5,000 ሰው በላይ የሚይዘው ሜትሮፖሊታን ታበርናክል ተከፈተ። በ1867 በስቶክዌል የሙት ልጆች ማሳደጊያ ተቋቋመ። በ1854 ወደ 232 የነበረው የአባላት ቁጥር በ1891 መጨረሻ 5,311 ደርሶ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የገረመን አንድ ሰው አባል ይሆን የነበረበት መንገድ ነው። አባልነት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሽማግሌዎች አንዱ ዘንድ ይቀርባል፤ ሽማግሌውም እምነቱን ጠይቆ የሰማውን በመዝገብ ያሰፍራል። ሽማግሌው ከረካ ሰውየው ወደ መጋቢው ይቀርብና ስፐርጀን ራሱ ያነጋግረዋል። ከዚያም ስሙ በምእመናኑ ጉባኤ ይነገራል፤ ኑሮውን እንዲያጣራም አንድ መልእክተኛ ይመደብለታል። መልእክተኛው በሚኖርበት ሰፈር ጠይቆ ተመልሶ ይናገራል፤ በመጨረሻም ጉባኤው ድምፅ ይሰጣል። ሰውየው ከተጠመቀ በኋላ በጌታ እራት ማዕድ ፊት ቀኝ እጅ ተሰጥቶት ይገባል። አምስት ሺህ ሰው በሚቆጠርበት ቤት ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ማድረግ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ገምቱ! ስፐርጀን ግን በሩን ሰፋ አድርጎ ቁጥር ማብዛት አልፈለገም።

እንግዲህ አንድ ግለሰብ በዚህ ዓይነት ከገባ አንዲት ቤተ ክርስቲያንስ ወደ ኅብረት የምትገባው እንዴት ነበር? ባፕቲስቶች ከጥንት ጀምሮ አጥቢያ ራሷን ትገዛለች ቢሉም ብቻዋን ትኑር አላሉም። በ1644 በለንደን የነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ የእምነት መግለጫ ላይ ፈርመዋል። ከዚያ በኋላ በየአውራጃው ማኅበራት ተመሠረቱ። አጥቢያዋ በአባላቷ ጉባኤ ትወስናለች፤ ማኅበሩን በደብዳቤ ትጠይቃለች፤ ጎረቤት አብያተ ክርስቲያናት እምነቷንና ሥርዓቷን አይተው ይቀበሏታል። ከተቀበሏት በኋላ በዓመታዊው ስብሰባ መልእክተኞች ትልካለች፤ ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ፣ ስንት እንደ ሞተ፣ ስንት ወደ ሌላ እንደ ሄደ በደብዳቤ ታሳውቃለች። ማኅበሩ ይመክራታል እንጂ አያዝዛትም።

አገር አቀፍ የሆነው የባፕቲስት ኅብረት የተቋቋመው በ1813 ነው። ያን ጊዜ ደንቡ አባል የሚሆኑ አብያተ ክርስቲያናት የሚያምኑትን ትምህርት አንድ በአንድ ይዘረዝር ነበር። በ1832 ደንቡ ሲታደስ ዝርዝሩ ወጣና በጠቅላላው ወንጌላውያን በሚባለው እምነት የሚስማሙ ይግቡ ተባለ። በ1873 ደግሞ ይህም ቀረና ሁለት ነገር ብቻ ተጻፈ፦ እያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስን ሕግ ለመተርጎምና በሥራ ለማዋል ነፃ ናት፤ የክርስቲያን ጥምቀትም ያመነ ሰው በውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚጠመቀው ነው። እነዚህን የተቀበለ ይገባል። በሩ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰፋ ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ ክፋት አልነበረም፤ የቀደመው ዝርዝር የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉትን ብቻ የሚያስገባ ስለ ነበር ሌሎቹን ባፕቲስቶች ለማቅረብ ተብሎ የተደረገ ነው።

ስፐርጀን ከሰው ጋር መተባበር የማይሆንለት ሰው ነበር የሚሉ አሉ። እኛ አንቀበለውም። በ1865 የለንደን ባፕቲስት ማኅበር እንደ አዲስ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር። ያ ማኅበር በየዓመቱ አንድ የጸሎት ቤት ለመሥራት ዓላማ ያደረገ ማኅበር ነው። የባፕቲስት ኅብረትም አባል ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ክርክሩ የተነሣው በ1887 ነው። በማርችና በኤፕሪል ስፐርጀን በሚያዘጋጀው ወርኀዊ መጽሔት የቀደሙት አብያተ ክርስቲያናት ከእምነት እንዴት ቁልቁል እንደ ወረዱ የሚተርኩ ጽሑፎች ያለ ስም ወጡ፤ ጸሐፊው ሮበርት ሺንድለር የሚባል መጋቢ ነበር። በኦገስት ደግሞ ስፐርጀን ራሱ ጻፈ። አንዳንድ ሰባኪዎች የክርስቶስን የማስተሥረያ ሞት፣ የመጻሕፍትን መንፈሳዊነትና የዘላለም ፍርድን እየተዉ እንደ ሆነ ገልጾ፣ ከእነዚህ ጋር በአንድ ኅብረት መቆየት ይገባልን ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ በዚሁ የቁልቁለት ክርክር ተባለ። በኦክቶበር የኅብረቱ ጉባኤ በሼፊልድ ሲሰበሰብ ሁሉም ነገሩ ይነሣል ብሎ ሲጠብቅ በጉባኤው አጀንዳ ሳይገባ ቀረ። ኦክቶበር 28 ቀን ስፐርጀን ለኅብረቱ ዋና ጸሐፊ ለዶክተር ቡዝ ደብዳቤ ጽፎ ከአባልነት ወጣ።

ቀጥሎ የሆነው ያሳዝናል። በጃንዋሪ 1888 የኅብረቱ ምክር ቤት ተሰብስቦ መውጣቱን ተቀበለ። ደግሞም የከሰሳቸውን ሰዎች ስም ካልሰጠ ክሱን ማቅረብ አልነበረበትም ሲል ወሰነ፤ ይህም የወቀሳ ውሳኔ ተባለ። ስፐርጀን ስም ያልሰጠው ከዶክተር ቡዝ የመጡለት ደብዳቤዎች በምስጢር የተጻፉ ስለ ነበሩ ነው ይባላል። የእርሱ መልስ ግን ሌላ ነበር፤ ስም ብሰጥስ በየትኛው ደንብ ትፈርዳላችሁ የሚል ነው። አንድ ሰው የክርስቶስን አምላክነት ቢክድ እንኳ ጠልቆ መጠመቅን እስካልካደ ድረስ ከኅብረቱ የሚያስወጣው ጽሑፍ የለም፤ ስለዚህ ኅብረቱ ግልጽ የሆነ ወንጌላዊ የእምነት መግለጫ ያውጣ አለ።

እኛ ሁለቱንም ወገን ለማመዛዘን ሞክረናል። ስም ሳይጠሩ መክሰስ ንጹሑንም በጥርጣሬ ያስገባል፤ በዚህ ረገድ ምክር ቤቱ ያቀረበው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። በሌላ በኩል ዳኝነት የሚሰጥበት ሕግ የሌለው ሸንጎ ተከሳሽ አምጣ ማለቱ ምን ይጠቅማል? በታበርናክል አንድ ጫማ ሰፊ አባል ለመሆን ሲጠይቅ ስለ ክርስቶስ ምን እንደሚያምን ይጠየቃል፤ በኅብረቱ ግን አንዲት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ይህን የሚጠይቅ ቃል በደንቡ አልነበረም። በዚህ ነጥብ ላይ ስፐርጀን ትክክል ነበር እንላለን። ነፃነታቸውን የሚወዱ ሰዎች ግን ከላይ የሚወርድ የእምነት መግለጫ አጥቢያዎችን ማሰሪያ ገመድ እንዳይሆን ፈሩ፤ አያቶቻቸው በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥር ያዩትን መከራ ስናስብ ፍርሃታቸውም ይገባናል።

በኤፕሪል 23 ቀን 1888 ጉባኤው በለንደን ሲቲ ቴምፕል በተባለው ቤት ተሰበሰበ። በቤቱ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው ነበረ። ለማስታረቅ ተብሎ የተዘጋጀ መግለጫ ቀረበ፤ ዋና ዋና የሆኑትን የወንጌል ትምህርቶች ዘርዝሮ በግርጌው ግን ስለ ዘላለም ቅጣት ሁሉም በአንድ ዓይነት እንደማይተረጉሙ የሚገልጽ ማስታወሻ ነበረበት። 2,000 ሰው ደገፈው፤ የተቃወሙት 7 ብቻ ነበሩ። ከደጋፊዎቹ መካከል ተነሥቶ ሐሳቡ እንዲጸድቅ የተናገረው ማን ይመስላችኋል? የስፐርጀን ታናሽ ወንድም፣ በታበርናክልም ረዳቱ የሆነው ጄምስ ነው። ጄምስ ወንድሜ የጠየቀው ተፈጸመ ብሎ ነበር ያሰበው። ታላቁ ግን የወቀሳው ውሳኔ በቦታው እንዳለና መግለጫውም ለሁለት ወገን እንዲመች ሆኖ እንደ ተጻፈ ቈጠረው። ከአንድ እናት የተወለዱ፣ በአንድ ቤት የሚያገለግሉ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ወረቀት አንብበው አንዱ ድል፣ ሌላው ሽንፈት አየበት።

ስፐርጀን ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም፤ ታበርናክልም ከእርሱ ጋር ወጣች። በኮሌጁ ካስተማራቸው መካከል አንዳንዶቹ ተለዩት፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ እንደ ጎዳው የቅርብ ሰዎቹ ጽፈዋል። የሪህና የኩላሊት በሽታ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው ቆይቶ ጁን 7 ቀን 1891 በታበርናክል የመጨረሻውን ስብከት ሰበከ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1892 በደቡብ ፈረንሳይ በሜንቶን ከተማ በ57 ዓመቱ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ ለንደን ተመልሶ በኖርዉድ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ኅብረቱ በ1891 ጄነራል ባፕቲስት ከሚባሉት የአዲሱ ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተዋሐደ። በ1904 አዲስ የመሠረት መግለጫ አወጣ፤ በዚህም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በእምነትና በሥርዓት ነገር ሁሉ ብቸኛ ባለ ሥልጣን መሆኑ፣ የአጥቢያው ነፃነት፣ የጥምቀት ትርጉምና ወንጌልን የመመስከር ግዴታ ተጻፈ። መግለጫው ኋላ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ የአባልነት መሠረት ነው፤ አባል ልሁን የምትል አጥቢያ እርሱን መቀበል አለባት። ታበርናክል በ1955 ወደ ኅብረቱ ተመልሳ ገባች፤ በ1971 እንደ ገና ወጣች።