ስሙን የጻፈው ሰው፦ የዊልያም ስቲል ሕይወት

በስደት የኖረ ሰው የወላጅና የትውልድ አገር ስም እንዴት ያለ ስንቅ እንደ ሆነ ያውቃል። ዘመዱ የጠፋበት ሰው በመጨረሻ የሚይዘው ስምን ነውና። ይህን እውነት በአሜሪካ የባርነት ዘመን በገዛ ቤተ ሰቡ ያየው የፊላዴልፊያው ዊልያም ስቲል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልያም በ1821 በኒው ጀርዚ ተወለደ፤ ለወላጆቹ ዐሥራ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። አባቱ ሌቪን በሜሪላንድ ባሪያ ሳለ ነጻነቱን በገንዘብ ገዝቶ ወደ ሰሜን ወጥቶ ነበር። እናቱ አራት ልጆቿን ይዛ ብትከተለውም ተይዛ ተመለሰች። ሁለተኛ ስታመልጥ አራቱን ይዞ መሮጥ አልተቻላትምና ሁለቱን ሴቶች ይዛ፣ ሌቪንና ፒተር የተባሉትን ሁለቱን ወንዶች ትታ ሄደች። ልጆቹም ወደ ደቡብ ተሸጡ። ዊልያም ያላያቸውን ወንድሞቹን ታሪክ እየሰማ አደገ።

በ1847 በፊላዴልፊያ የፀረ ባርነት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ «የምድር ውስጥ ሐዲድ» የሚባል የምስጢር መንገድ ነበረ። ባቡርም ዋሻም አልነበረውም፤ ጥቁርና ነጭ ረዳቶች ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ ያመለጠውን ሰው እስከ ካናዳ ያደርሱ ነበር። በ1850 የወጣው ሕግ ግን ባመለጠ ባሪያ ረዳት ላይ መቀጫና እስራት ፈረደ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አንድ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥቶ፣ በልጅነቱ ከአርባ ዓመት በፊት የተለያቸውን ወላጆቹን እንደሚፈልግ ተናገረ። ዊልያም የወላጆቹን ስም ቢጠይቀው የገዛ እናቱንና አባቱን ስም ሰማ። እንግዳው ወንድሙ ፒተር ነበረ። ሌቪን በአላባማ በባርነት ሞቷል፤ አባታቸውም ዐርፏል፤ እናታቸው ግን በሕይወት ቆይታ ልጇን ለማየት በቃች። ፒተርም ከዚያ በኋላ ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ ለምኖ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን በ5,000 ዶላር ዋጀ።

ይህ ነገር ዊልያምን ለመዝገቡ አተጋው። የመጣውን ሁሉ እያስቀመጠ የቀድሞ ስሙን፣ አዲሱን ስሙን፣ ትቶት የመጣውን ዘመዱን ጠይቆ ጻፈ። መዝገቡ ቢያዝ ረዳቱንም ተረጂውንም የሚያጠፋ ነበርና በመቃብር ስፍራ ባለ ሕንጻ ሸሸገው።

ከመጡት መካከል ልጆች ነበሩ። በ1855 ጄን ጆንሰን ከጌታዋ ጋር በፊላዴልፊያ ስታልፍ ነጻ መውጣት እንደምትሻ ላከች፤ ዊልያምና ባልደረቦቹም እርሷንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ከመርከብ አወረዱ። ዊልያም ተከሶ በነጻ ሲለቀቅ፣ ባልደረባው ፓስሞር ዊልያምሰን ከሦስት ወር በላይ ታሰረ። በዚያው ዓመት አን ማሪያ ዊምስ የምትባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ሠረገላ ነጂ መስላ ከዋሽንግተን ወጣች። በዊልያም ቤት ዐርፋ ካናዳ ገባች።

በ1865 ባርነት በሕግ ሲሻር የተሸሸገው መዝገብ ወጣ፤ በ1872ም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን እንደ ረዳ የሚነገርለት ዊልያም በ1902 ዐረፈ።

ኃያላን የነገሥታትን ዜና አስጽፈዋል፤ እርሱ ግን በገበያ እንደ ዕቃ የተቈጠሩትን በስማቸው ጻፈ። እኛም የአያቶቻችንንና የትውልድ መንደራችንን ስም ለልጆቻችን በወረቀት ብናኖርላቸው፣ ነገ የሚፈልጉን ሲመጡ መንገዱን አያጡትም።